አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከአቃቂ አካባቢ "ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፣ ፎርማት ይደረግልኝ" እያሉ ወደ ሱቃችን ለሚመጡ ደንበኞች የተዘጋጀ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ፎርማት ማድረጉ፣ ማለትም ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫኑ፣ ራሱ ቀላል ሥራ ነው። ጣጣው ከዚያ በፊት ያለው ስለሆነ እዚህም በሰፊው የምናወራው ስለዚያ ነው።

"ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ዲ አይነካም" ይባላል። እውነት ነው?

ሲ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ያለበት የዲስክ ክፍል፣ ብቻ ፎርማት ከተደረገ፣ አዎ፣ ዲ ባለበት ይቆያል። ነገር ግን ብዙ ሰው ፋይሉ ዲ ላይ ያለ ይመስለዋል እንጂ እዚያ የለም። ዴስክቶፕ ላይ ተደርድሮ የሚያዩት ሁሉ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮችም እንደዚያው። በቴሌግራም የተላከልዎ የውል ቅጂ፣ የልጆች ውጤት፣ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚል ፎልደር ተጠራቅሞ ይገኛል። ይህን ፎልደር አስታውሶ "እሱንም ያዙልኝ" የሚል ደንበኛ ብርቅ ነው።

ብሮውዘሩ ያስታወሰልዎ የይለፍ ቃልም ሲ ላይ ነው። ከጉግል አካውንት ጋር ካልተያያዘ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል በቃልዎ ወይም በወረቀት መያዝዎን ያረጋግጡ፤ ሌላው ሁሉ የሚመለሰው በኢሜይሉ በኩል ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ሲ እና ዲ ብዙውን ጊዜ በግድግዳ ለሁለት እንደተከፈለ አንድ ቤት ናቸው። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም ይሄዳሉ። "ዲ ላይ ገልብጬዋለሁ" ማለት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይዣለሁ ማለት አይደለም።

ዊንዶውስ 10 ደህና እየሠራልኝ ነው። የግድ መቀየር አለብኝ?

ማሽኑ ነገ ጠዋት አልነሣም አይልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በራሱ አይደፈንም። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ የተራዘመ ማሻሻያ አለ። እሱን ለማግኘት ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም፣ ማለትም 22ኤች2፣ መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባትም ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር ካመሳሰሉ ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። መመዝገቢያው ሴቲንግስ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይገኛል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ላሉት ግን ምክራችን የተለየ ነው። የእሱ ድጋፍ የቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው። ክሮምም ከ109ኛው እትም ወዲያ ለዊንዶውስ 7 አልወጣም። ባንክዎንና ኢሜይልዎን በእንዲህ ያለ ማሽን መክፈት ይተው።

የእኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ይችላል?

የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይመልከቱ። "ዚስ ፒሲ" ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ሲሉ ይታያል። ኢንቴል ከሆነ ከአይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 8250 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ ያልፋል። 7200 ወይም 4210 ካለ ሰባተኛና አራተኛ ትውልድ ስለሆነ አያልፍም። በአምስት አኃዝ የተጻፈ ከሆነ፣ ለምሳሌ 10210፣ አሥረኛ ትውልድ ነው። ከዚህ ሌላ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ማዘርቦርድና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠየቃል። ቲፒኤሙ ኖሮ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ "የለውም" ብሎ ከመደምደም በፊት ባዮሱን ማየት ይገባል።

መስፈርቱን አልፎ የሚጭን ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፣ ሲጠየቅም የሚሠራ ባለሙያ ሞልቷል። እኛ ለሥራ ማሽን አንመክረውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ የተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ የማግኘት ዋስትና እንደሌለው ግልጽ አድርጓል። በጣም ያረጁት፣ ለምሳሌ ኮር ቱ ዱዎዎቹ፣ ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ጭራሹኑ አይነሡም። ፕሮሰሰሩ የሚፈለገውን ትእዛዝ ስለማያውቅ ዘዴም አይሠራላቸውም።

ታዲያ ካልቻለ ምን ይጫንበት?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዊንዶውስ 10ን በአዲስ መልክ ጭኖ በተራዘመው ማሻሻያ መመዝገብ ነው። ሌላው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነው። ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፣ በ4 ደህና ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትሙ ደግሞ ለአሮጌ ማሽን ቀለል ያለ ነው። ሳይጭኑት በፍላሽ አስነሥተው መሞከር ይችላሉ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን አይተው ይወስናሉ። ኢንተርኔት ለሚያይ፣ ደብዳቤ ለሚጽፍና ፊልም ለሚያይ ሰው በቂ ነው። ፒችትሪ ለሚጠቀም የሂሳብ ሠራተኛ ወይም በፓወር ግዕዝ ለሚጽፍ የጽሕፈት ቤት ግን አይሆንም፤ እዚያ ላይ አንከራከርም።

ያለውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት ላድርግ ወይስ አዲስ ልግዛ?

አቅም ካለ አሮጌውን ዲስክ ጨርሶ ፎርማት አያድርጉት። ያውጡት። በምትኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገብተው ዊንዶውሱን እዚያ ላይ ይጫኑ።

የማሽኑ መንቀራፈፍ በአብዛኛው ከዊንዶውሱ ሳይሆን ከሚሽከረከረው ዲስክ የሚመጣ ነው። ፎርማት ሲደረግ ለጥቂት ሳምንት የፈጠነ ይመስላል፣ ማሻሻያው ገብቶ ፕሮግራሙ ሲበዛ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተሽከርካሪ ዲስክ ተከታታይ ፋይል ሲያነብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፣ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ግን በጣም ይወርዳል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያደርገው ደግሞ ይኸንኑ ነው። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል፣ ለትንንሽ ፋይሎችም አይንገዳገድም። የድሮ ላፕቶፕ ማዘርቦርድ የዚህን ግማሽ ብቻ ቢያሳልፍ እንኳ ልዩነቱ ያስገርማል።

ሁለተኛው ጥቅም ይበልጣል፦ አሮጌው ዲስክ ከነፋይሉ ሳይነካ ይቀመጣል። የረሱት ነገር ከወር በኋላ ትዝ ቢልዎ አለ። በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝተው ቢያስገቡት ኤክስተርናል ይሆናል። የድሮው የተጠቃሚ ፎልደርዎ "ፈቃድ የለዎትም" ቢልዎ አይደንግጡ፣ ኮንቲኒው የሚለውን ተጭነው ይጠብቁ። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ ብቻ ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ቁልፉን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዲስኩ ከመውጣቱ በፊት ይህን ያጣሩ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ለላፕቶፕ የሚገዛው ባለ 2.5 ኢንቹ ነው፣ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለብዙ ሰው ይበቃል። ዴስክቶፕም ይኸንኑ ይቀበላል። መገናኛም ሆነ መርካቶ ሲገዙ ሻጩ ፊት ተሰክቶ እንዲታይ ይጠይቁ።

ባክአፑን ምን ላይ ልያዝ?

ሁለት ቦታ። አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ጥቂት ሰነዶች ደግሞ በጉግል ድራይቭ ወይም ቴሌግራም ላይ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ውስጥ ያስቀምጡ። በመንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጡትን "2 ቴራባይት" የተጻፈባቸውን ፍላሾች ለዚህ ሥራ አይመኑ። አብዛኞቹ የውስጥ መጠናቸው ትንሽ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የተጭበረበረ ነው። ሲገለብጡ ሁሉም የገባ ይመስላል፣ ሲከፍቱት ግን ፋይሉ ባዶ ነው።

ሲገለብጡ ኮፒ ይበሉ እንጂ ከት አይበሉ። በመሃል መብራት ቢሄድ ከት የተደረገው ፋይል እዚህም እዚያም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ጨርሰው ጥቂት ፎቶና ጥቂት ሰነድ ከባክአፑ ላይ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩ። 100 ጊጋባይት በአሮጌ ዩኤስቢ 2.0 ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ በትንንሽ ፋይል የተሞላ ከሆነ ከዚያም በላይ። "ቶሎ ጨርሱልኝ" የሚለው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚጣደፈው በዚህ ላይ ነው።

ባለሙያው ጋር ትተውት የሚሄዱ ከሆነ የራስዎን ኤክስተርናል ይዘው ይምጡ። የቤተሰብ ፎቶ በሱቅ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ እንዲቀር አይፍቀዱ። የማንም ሱቅ ቢሆን፣ የእኛም ጭምር።

ፎርማት ካስደረግኩ በኋላ የአማርኛ ጽሑፌ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ቫይረስ ነው?

አይደለም፣ ፋይሉም አልተበላሸም። የጠፋው ቅርጸ ፊደሉ ነው። በቪዥዋል ግዕዝና በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ ብዙ ሰነዶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ፣ አይደሉም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ "ሀ" አስመስሎ የሚያሳየው ቅርጸ ፊደሉ ነበር። እሱ ሲጠፋ ጽሑፉ እውነተኛ ገጹን ያሳያል። ያንኑ ቅርጸ ፊደል መልሰው ሲጭኑት ጽሑፉም ይመለሳል።

ስለዚህ ከፎርማት በፊት ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን "ፎንትስ" የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ይገልብጡ። የፓወር ግዕዙን መጫኛ ፋይልም ይፈልጉ። ማኅበር፣ ዕድር፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። ጠቃሚ የሆኑትን ሰነዶች ማሽኑ ገና ጤነኛ እያለ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ፒዲኤፉ ቅርጸ ፊደሉን አቅፎ ስለሚይዝ የትም ይነበባል።

በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በዩኒኮድ ለመጻፍ ከሴቲንግስ የቋንቋ ክፍል አማርኛን ይጨምሩ። ኢብሪማ የተባለው ቅርጸ ፊደል አብሮ ይመጣል። ኒያላ ካማረዎ ከኦፕሽናል ፊቸርስ የኢትዮጵያ ፊደላትን ጥቅል ማውረድ ይችላሉ።

ፒችትሪ አለኝ። ዳታዬስ?

የሂሳብ ማሽን ሲመጣ ባለቤቱ ወይም ሂሳብ ሠራተኛው አብሮ ካልመጣ እኛ አንነካውም። ፒችትሪ ዳታውን በዶክዩመንትስ ውስጥ ሳይሆን በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ያም ብዙ ጊዜ ሲ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ከፍተው ከፋይል ሜኑ ባክአፕ የሚለውን ይጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ። መጨረሻው በፒቲቢ የሚያልቅ ፋይል ይሰጥዎታል። የፕሮግራሙን እትምና ሲሪያል ቁጥር ይጻፉ፤ በአዲስ እትም የተሠራ ዳታ በአሮጌው አይከፈትም። ከተቻለ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሰው ከፍተው ሚዛኑ ልክ መሆኑን እስኪያዩ ድረስ ፎርማት የሚለውን ቃል አያንሡት። የግብር ማስታወቂያ ወር ላይ ባይሆንም ይመረጣል።

መጫኛ ፍላሹን ራሴ ማዘጋጀት እችላለሁ?

ይችላሉ። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ይበቃል፣ በላዩ ያለው ሁሉ ግን ይጠፋል። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥቅልዎን አስልተው፣ የተሻለ መስመር ያለበት ቦታ ሆነው ያውርዱ። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል የሚወርድ "የተቀለለ ዊንዶውስ" ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ሚዲያ ክሪየሽን ቱል የተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ፍላሹን ራሱ ያዘጋጃል። አይኤስኦውን (የመጫኛውን ፋይል ብቻውን) ካወረዱ ሩፈስ የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ዝም ብሎ ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ አይሠራም፤ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይልም አይቀበልም። ማሽኑ ሲነሣ የቡት ሜኑውን (ከዲስክ ይነሣ ወይስ ከፍላሽ የሚለውን መምረጫ) ለማምጣት ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ደጋግመው ይጫኑ። አንዳንድ ኤሰር ላይ ኤፍ12 የሚሠራው ባዮስ ውስጥ ከተፈቀደለት ብቻ ነው።

ፍላሹን ከማስነሣትዎ በፊት የዋይፋይና የኔትወርክ ድራይቨሩን (ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ሌላ ፍላሽ ላይ ይያዙ። ዋይፋዩ ካልሠራ ድራይቨሩን የሚያወርዱበት ዋይፋይ የለምና። ይህ ካመለጠዎ ስልክዎን በኬብል ሰክተው የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈል) ይሞክሩ።

"በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፣ ኤምቢአር ነው" አለኝ

ፍላሹ የተነሣው በአዲሱ አሠራር በዩኢኤፍአይ ነው፣ ዲስኩ ግን የተከፋፈለው በድሮው በኤምቢአር ነው። ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን አከፋፈል ነው። ዲስኩ ላይ የሚቀር ነገር ከሌለ ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) በሙሉ ዲሊት አድርገው ባዶውን ቦታ መርጠው ኔክስት ይበሉ፣ ቀሪውን ዊንዶውሱ ራሱ ይሠራዋል። ዲ ላይ ፋይል ካለ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ያ ርምጃ ዲንም ያጠፋል። ዝርዝሩ ላይ ሌላ ዲስክ እንዳይመርጡ ኤክስተርናሉን ነቅለው ይጀምሩ፣ መጠኑንም ያንብቡ።

በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ይህ አካባቢ ላይ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ዊንዶውስ በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ማሽኑ አይሞትም፣ ከመጀመሪያው ይደገማል፣ ያው ነው። ማሽኑን ሊገድለው የሚችለው የባዮስ አፕዴት ላይ መብራት መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ወይም ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ አይንኩ።

ላይሰንሱ ይጠፋል?

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከነዊንዶውሱ የተሸጡ ማሽኖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው፣ ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ ሲጫን ራሱ ያነበዋል። ሃርድ ዲስክ መቀየር ይህን አይነካውም። በዊንዶውስ 7 ቁልፍ 10ን አክቲቬት ማድረግ (ፈቃዱን ማረጋገጥ) ግን ከ2023 ወዲህ ተዘግቷል። አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ይሠራል፤ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ የጀርባ ሥዕልና ቀለም መቀየር ይከለክላል። "አንቲቫይረሱን አጥፉና ይህን ክራክ አስነሡ" የሚል ፋይል ግን ንጹሕ የሆነውን ማሽን በመጀመሪያው ቀን የሚያቆሽሽ ነው፣ እኛ አንጭንም።

ፎርማት አስደርጌ በማግስቱ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትካት ሆኑ

ቫይረሱ የነበረው ፍላሹ ላይ ነው። ሾርትካቶቹን አይክፈቱ። ፋይሎችዎ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል፤ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ሲያበሩ ይታያሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው በአንቲቫይረስ ይፈትሹ፣ ከዚያ ፍላሹን ራሱን ፎርማት ያድርጉ። ለዚህ ተብሎ ኮምፒውተሩን እንደገና ፎርማት ማስደረግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁሉም ድረ ገጽ "ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል" ይላል፣ አልከፍትም አለ

ዓመቱን ይመልከቱ። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ብዙ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የፈረንጁን ነው። ሰዓቱም ከሌሊቱ ስድስት የሚጀምረው ነው፣ የጊዜ ክልሉም ናይሮቢ የሚለው፣ ሲደመር 3። በትክክል ሞልተው ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች።

ሳላውቅ ፎርማት ተደርጎብኛል፣ ፋይሌ ይመለሳል?

ወዲያው ያጥፉት። ክዊክ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ፋይሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አለ። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን በፎቶሬክ፣ በቴስትዲስክ ወይም በሬኩቫ መፈለግ ይቻላል። የተገኘውን ግን እዚያው ዲስክ ላይ አይመልሱት። አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት የተሸፈነው ክፍል አይመለስም። ፉል ፎርማት ከሆነ ዜሮ ስለተጻፈበት ተስፋ የለውም፤ ኤስኤስዲም ትሪም የሚባለው አሠራር ባዶ የተባለውን ቦታ ስለሚያጸዳው እንደዚያው ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ምንም አይሞክሩ፣ መልሰውም አያስነሡት፤ በእያንዳንዱ መዞር የሚቀረው ይቀንሳል።

አሮጌውን ማሽን ልሸጠው ነው። ክዊክ ፎርማት ይበቃል?

ከላይ ባለው ምክንያት አይበቃም። ተሽከርካሪ ዲስክ ከሆነ "ክዊክ" የሚለውን ምልክት አንሥተው ፉል ፎርማት ያድርጉ፤ ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ በሙሉ ዲስኩ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ዊንዶውሱን ሳይነቅሉ መሸጥ ከፈለጉ ሪሴት ዚስ ፒሲ ውስጥ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን መርጠው ድራይቩን አጽዳ የሚለውንም ያብሩ። ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ማታ ከተጀመረ ጠዋት ይደርሳል። ወይም ዲስኩን አውጥተው ማሽኑን ያለ ዲስክ ይሽጡት።